ሴት እንኳ ትከፍተዋለች

ልጄ ማኅሌት የካርቶኑን ፕላስተር በቢላዋ ሰንጥቃ ክዳኑን ስታነሳው አንድ ሽታ ወጣና ፊቴን መታኝ። አዲስ ፕላስቲክ፣ አዲስ ሽቦ፣ እጅ ያልነካው ዕቃ። ሞላሌ ላይ ከተከራየቻት ጠባብ ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሥራ ኖሮኝ አይደለም፤ ሰው ሲሠራ እያዩ መተቸት ስለምወድ ነው። ያ ሽታ ግን አፌን አስያዘኝ። እሷ ከካርቶኑ ያወጣችው ጥቁር የጌም ማጫወቻ ነው፤ እኔን የሸተተኝ ግን ሬዲዮ ነው። ባለ እጀታው፣ ባለ አንድ ካሴቱ፣ እዚሁ ሞላሌ ገበያ ላይ ዘርፌን ከጎኔ አቁሜ የገዛሁት ቴፕ ሬዲዮ። ዘርፌ ሚስቴ ናት። ዛሬም ሚስቴ ናት፤ ይህን የምናገረው በዚያ ሬዲዮ ምክንያት ሳትሆን ልትቀር ትንሽ ስለቀራት ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ከማጫወቻው ሌላ የተጠቀለለ ባነር ነበረበት። ማኅሌት መሬት ላይ ዘረጋችውና ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። አንዲት ሴት ሰይፍ ይዛ ቆማለች። ራሷ ላይ የብረት ቆብ፣ ትከሻዋ ላይ ብረት፣ ጉልበቷ ላይ ብረት አለ፤ ሆዷና ጭኗ ባዶ ነው። እኔ ጦር ሜዳ አልዋልኩም፤ ጦር የት እንደሚገባ ግን አውቃለሁ። ከሥሯ በጥቁሩ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «እንደ ሴት አትጫወት!» ይላል።

«ስቀዪው እንግዲህ» አልኳት። «ማን ያነበዋል?»

«አንተ አነበብከው» አለች፣ ቀና ሳትል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅሌት ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ተምራ ስትመለስ እዚህ ከአንድ ሰው ሱቅ ተቀጥራ ሞባይል ስትጠግን ኖረች። ደንበኛው ሁሉ መጥቶ ፊቷ ቆሞ «ጠጋኙን ጥሪልን» ይላታል። «እኔ ነኝ» ስትል ስልኩን መልሶ ኪሱ የከተተ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልጽፍም እንጂ ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ዛሬም ሰላም አልለውም። አሁን የራሷን ልትከፍት ነው፤ በአንድ በኩል ጥገና፣ በሌላው በኩል ጌም ቤት። ፑል ቤት ደጃፍ ለመድረስ እንኳ የሚፈሩት ሴት ተማሪዎች ገብተው የሚጫወቱበት ቤት እንዲሆን ነው ሐሳቧ። ሁለቱን ማጫወቻዎች የላከላት የአንድ ድርጅት ወኪል ነው፤ ዕቃው የእነሱ፣ ቤቱ የእሷ፣ ገቢው የጋራ። ወኪሉ በስልክ ቁርጡን ነግሯታል። ባነሩ በር ላይ ካልተሰቀለ ዕቃውን ጭኖ ይመለሳል፤ የገበያ ዕለት መጥቶ ያያል።

«ይኼ ከተሰቀለ» አለች ማኅሌት፣ «አንዲት ሴት ልጅ ይህን በር አታልፍም። ካልተሰቀለ ደግሞ በሩ ራሱ አይኖርም።»

እኔ መልስ ሲጠፋኝ የድሮ ነገር ይመጣብኛል፤ ሽታውም እንደሆነ አፍንጫዬ ውስጥ ነው።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። መንግሥት ነበረ፣ ስብሰባ ነበረ፣ ከስብሰባ የሚቀር ሰውም ነበረ፤ እኔ ከሚቀሩት ወገን ነበርኩ። የማስታውሰው ሌላ ነው። ሞላሌ ያኔ አንድ መንገድ ነበረች፤ እሱም ፒስታ፣ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ከመሀል ሜዳ ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ ጣሪያው ላይ በግ ጭኖ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ የሚሳፈር ይመስል ብድግ ይል ነበር። ዛሬ ባንክ የቆመበት ጥግ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን በረንዳ አውጥቶ ይሰፋ ነበር። የጎረምሳውን ሱሪ ከጉልበት በላይ አጥብቆ ከታች እንደ ጃንጥላ ይዘረጋዋል፤ ያን ሱሪ ለብሶ ጭቃ የተሻገረ ሰው ግማሹን ሞላሌ ይዞ ቤቱ ይገባል። የላስቲክ ጫማ የሚገዛው እየተሸተተ ነበር፤ አዲስነቱ በአፍንጫ ነው የሚታወቀው። አንድ ሙክት የሸጠ ሰው ከላይ እስከ ታች ለብሶ፣ ለሚስቱ ሻሽ ጨምሮ፣ ጠጁን ጠጥቶ ይገባል። ዛሬ ሙክት ሸጠህ ጫማ ትገዛለህ፤ ማሰሪያውን በዱቤ። ልብስ ሰፊው ትንሽ ሬዲዮ ነበረችው፤ ስለ አንዲት አንገቷ የረዘመ ልጅ የሚያለቃቅስ ዘፈን ነበር፣ ያ ዘፈን ሲመጣ መኪናውን ያቆማል። ሰውም ያቆማል። እኔ አህያዬን ይዤ ቆሜ ያን ዘፈን ስሰማ፣ ይህን ዕቃ ቤቴ ሳላስገባ አልሞትም አልኩ።

ፊደል የቆጠርኩትም ያኔ ነው፤ ጺም አውጥቼ፣ ሚስት አግብቼ። አባቴ «ፊደል ለቄስ ልጅ ነው፤ ላንተ በሬ አለልህ» ብሎ ነው ያሳደገኝ። ቂሙ እስካሁን አልወጣልኝም። በአባቴ ሳይሆን በበሬው። ከዚያ ሁሉም ይማር የተባለበት ጊዜ መጣና፣ ሰብለ የምትባል ተማሪ ከደብረ ብርሃን ተልካ ቀበሌያችን ደረሰች። ቀጭን፣ ሸራ ጫማ ያደረገች፣ ብርዱ ከንፈሯን ያሰነጠቀው ልጅ። ትምህርቱ የሚውለው በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ ሞፈር በማይነካበት ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባሕር ዛፍ ሥር ነበር። የመጀመሪያው ቀን አንድ ጎረቤታችን ጋቢውን ጥሎ ተነሣና «እኔ በሴት አፍ ሀ አልልም» አለ። ሰብለ አልደነገጠችም። «እሺ ጋሼ» አለችው፣ «እርስዎ ከለ ይጀምሩ።» ሳቅንበት፤ እሱም ተቀመጠ። ከለ ጀመረ፤ ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት ድረስ በሀ የሚጀምረውን የገዛ ልጁን ስም መጻፍ አልቻለም።

ሰብለ ለትልቅ ሰው ፊደል የምታስተምርበት ብልሃት ነበራት። ትልቅ ሰው ቅርጽ አይሸመድድም፤ ነገር ነው የሚይዘው። «ተ መስቀል ናት» ትለናለች። «ከጎኗ ትንሽ ጆሮ ስታወጣ ት ትሆናለች። ጆሮ ያወጣ ይሰማል፤ የሚሰማ ድምፁን ይቀንሳል።» እውነትም ት ድምጿ ትንሽ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን እስከ ፐ ደረስን። ኳን፣ ጓን፣ ቋን የመሳሰሉትን ዲቃላ ፊደሎች ግን ለመጨረሻ አቆየቻቸው። እኔ ጓሳ ወጥቼ ሣሯን አጭጄ ቤቴን የከደንኩ ሰው፣ የጓሳን ስም መጻፍ አልችልም ነበር። ብቻ የተቀረውን አውቄአለሁና ማን ይችለኝ። የስኳር ከረጢት አነባለሁ፣ የዘይት ቆርቆሮ አነባለሁ፣ መቃብር ላይ ያለውን አነባለሁ። ዘርፌ ሽሙጧን ትለቃለች፤ «ለሞተው ታነብለታለህ፣ ለቆመው መቼ ነው?» እሷ አትማርም ነበር ያኔ፤ ትምህርቱ በሚውልበት ሰዓት ሱፍ ትፈትላለች። እኛ አገር ሱፉን የምትፈትለው ሴት ናት፣ ባናውን፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሸምነው ወንድ ነው፤ ገበያ ላይ ግን «የማን ባና ነው?» ሲባል የሸማኔው ስም ነው የሚጠራው።

ያን ክረምት ዘርፌ የፈተለችውን ሸምኜ፣ ባናዎቹን ተሸክመን ሞላሌ ወረድን። ሸጥን። ገበያው መሐል አንድ ፒክአፕ ቆሟል፤ ላዩ ላይ አንድ መነጽር ያደረገ ነጋዴ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል። ከጎኑ ቴፕ ሬዲዮዎች እንደ ጡብ ተደርድረዋል። ከመኪናው ጎን ደግሞ የበር ቁመት ያለው ሥዕል ተለጥፏል፤ ትከሻዋ የተራቆተ፣ ከንፈሯ እንደ በርበሬ የቀላ ሴት በጎኗ ተጋድማ ሬዲዮውን እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ከሥሩ ጽሕፈት አለ። ነጋዴው «ከእናንተ ውስጥ የሚያነብ አለ?» አለ። ጎረቤቶቼ ገፍተው ወደ ፊት አወጡኝ። ዘርፌ ሻሿን አስተካክላ ከጎኔ ቆመች፤ ኩራቷ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳለች።

«ሴት» አልኩ። ሰዉ «አበጀህ» አለኝ። ቀጥዬ እ አልኩ፣ ን አልኩ፣ ከዚያ አንዲት ፊደል ፊቴ ቆመች። ካ ትመስላለች። እግሯ ላይ ግን ጫማ የመሰለ ነገር አጥልቃለች። መኪናው የረጨው ጭቃ ነው አልኩና ጫማውን ተውኩት። «ሴት፣ እንካ፣ ትከፍተዋለች።»

አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን ተደግፎ «ማንን ነው እንካ የምትለው?» ብሎ ጠየቀ።

ነጋዴው በድምፅ ማጉያው ሳቀብኝ። በድምፅ ማጉያ የተሳቀበት ሰው ካልሆናችሁ አታውቁትም፤ ሳቁ ተራራ መትቶ ይመለሳል። «እንካ አይደለም ጋሼ፣ እንኳ! ሴት እንኳ ትከፍተዋለች! ያን ያህል ቀላል ዕቃ ነው ለማለት ነው።» ያን ጊዜ ወንዱ ሁሉ ተንከተከተ። እኔ ስለ ጫማዋ ፊደል እያፈርኩ ስለነበር የተባለው ነገር ቶሎ አልገባኝም። ዘርፌ ግን ገብቷታል። አልሳቀችም።

«እንኳ?» አለች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ሬዲዮውን በባናዎቹ ዋጋ ገዛሁት። ነጋዴው ስላነበብኩለት ሥዕሉን መረቀልኝ። ያኔ የግድግዳ ጌጥ ወረቀት ነው፤ ጋዜጣም፣ የሸቀጥ ካርቶንም፣ የተገኘውን በዱቄት ሙጫ መለጠፍ ነው። እኔም ሴትዮዋን ከነጽሕፈቷ ከመደቡ በላይ ለጠፍኳት። ሬዲዮውን ዳንቴል አልብሼ ከሥሯ አስቀመጥኩት። ለዘርፌ «ይኸው፣ እኔ እርሻ ስውል ከፍተሽ ስሚ» አልኳት።

«እኔ እንኳ ነኝ» አለች። «እንኳ ያልሆነው ሲመጣ ይክፈተው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በጋው ሙሉ አልነካችውም። እሑድ እሑድ የጎረቤት ሴቶች ዘፈን ሊሰሙ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ እሷ ጨዋታ አጫውታ፣ ጠላ ቀድታ፣ ሬዲዮውን ሲጠይቋት «ባለቤቱ ሲመጣ» ትላለች። ከእርሻ ስመለስ ሴቶቹ በር ላይ ተኮልኩለው እንደ ቀረጥ ተቀባይ ይጠብቁኛል። የመንዝ ሴት ስታኮርፍ አትጮኽም፤ ምሳህን በሰዓቱ ትሰጥሃለች፣ እግርህን ታጥብሃለች፣ ያን አንድ ነገር ግን አታደርግልህም። አንድ ቀን ብቻዬን ተበሳጭቼ «እጅሽ ይሰበራል ብትከፍቺው?» አልኳት። «እጄስ ይችላል ተብሏል፣ ተጽፏልም» አለችኝ። የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው እንኳ ዶሮ እንዳይረግጠው ትጠብቅልኛለች፤ መልሳ ግን አትከተውም።

በዚህ መሐል አማቴ እማማ ደብሪቱ ከራቤል ሊጠይቁን መጡ። ገብተው ሳይቀመጡ ግድግዳውን አዩና አማተቡ።

«ይህች ልጅ የማን ናት?»

«የማስታወቂያ ናት እማማ» አልኳቸው።

«ማስታወቂያ የሚሉት አባት ምን ዓይነት ነው፣ ልጁን አራቁቶ በዚህ ብርድ የሚያስተኛት?»

ልናስረዳቸው ሞከርን። አልሰሙንም። የታረዘን አልብሱ የተባለውን እኔ ላስተምራችሁ ወይ ብለው፣ ከመደቡ ላይ አንዱን ባና አንሥተው ግድግዳው ላይ በሁለት ችንካር ወጠሩና ሴትዮዋን እስከ አገጯ አለበሷት። የቀረው ፊቷና ከሥር ያለው ጽሕፈት ብቻ ሆነ። የሚገርመው፣ ባናውን ከለበሰች በኋላ ሴትዮዋ የሰው ፊት እንዳላት አየሁ። ደክሟት ነበር። ሥዕል ሲነሡ ብዙ አቁመዋት ይሆናል።

እማማ ደብሪቱ በሄዱ ማግስት ከሜዳ ስመለስ ዘርፌ ግድግዳ ልትለቀልቅ እበት ለውሳ ደረስኩባት። ሥዕሉ ፊት ቆማለች።

«የቱ ነው እንኳው?» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊ?»

«የቱ ነው አልኩህ።»

«ከዚህች ይጀምራል። ባለ ጫማዋ ላይ ያልቃል።»

አውራ ጣቷን እበቱ ውስጥ ነክራ ከመጀመሪያዋ እስከ ባለ ጫማዋ አንዴ ጎትታ አለፈችበት። ወደ ኋላ አለች። «አሁን አንብበው።»

«ሴት ትከፍተዋለች።»

«ድገመው።»

«ሴት ትከፍተዋለች።»

እጇን ታጥባ፣ በቀሚሷ አደራርቃ፣ ሄዳ ሬዲዮውን ከፈተችው። አንገቷ ስለረዘመው ልጅ አልነበረም የመጣው፤ ስለ ማዳበሪያ የሚናገር ሰው ነበር። ግድ የለም። ድምፁን ከፍ አደረገችውና ጎረቤቶቿን ጠራች፤ ሴቶቹም ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መጥተው ስለ ማዳበሪያ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ለሚቀጥለው ሚካኤል ባሕር ዛፉ ሥር እኔን ቀድማኝ ተገኘች፣ የፊት ድንጋይ ላይ። ሰብለ «እርስዎ ከዚህ በፊት የሚያውቁት ፊደል አለ?» ብላ ጠየቀቻት። «አንድ ቃል አውቃለሁ» አለች ዘርፌ። «አጥፍቼዋለሁ እንጂ።»

ያ ቤት ፈርሶ በቆርቆሮ ተሠርቷል። ሬዲዮው ከአንድ ሁለት ጥገና በኋላ እህል መስፈሪያ ላይ ተቀምጦ ዝም አለ፤ ካሴቶቹን በእስክሪብቶ ማጠንጠን ሰለቸንና ልጆቹ ክሩን አውጥተው አዝመራ ላይ ወፍ ማባረሪያ አደረጉት። ሰብለ ወደ አገሯ ተመለሰች። የት እንዳለች አላውቅም፤ የት እንዳለች የማውቀው እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዷን ት ስጽፍ ጆሮዋን የምሰጣት በእሷ እጅ ነው። ዘመኑ ተሻሽሏል ይሉኛል። ስልኩ ተሻሽሏል፣ እሱን አልክድም። ቀለሙ ተሻሽሏል። ማስታወቂያ የሚጽፈው ሰው ግን ያው ነው። ለወንዱ ኃይሉን ያወራለታል፣ ለሴቷ ሮዝ ቀብቶ «ቀላል ነው የኔ እመቤት» ይላታል፤ መሐል ላይ ደግሞ ለማንም የማይሸጥ እርቃን ያጋድማል። እናት የለውም? ሚስት የለችውም? ወይስ እሱም ቤት ሬዲዮው ሳይከፈት ቀርቶ ይሆን?

ለማንኛውም ያን ዕለት ከሱቁ ወጥቼ ቤቴ ገባሁና ለዘርፌ ስለ ባነሩ ነገርኳት። በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ከሞላሌ ሱቅ ደጃፍ እኔን ቀድማ ቆማለች። በክንዷ አሮጌ ባና ይዛለች።

ባነሩ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ማኅሌት ከጎኑ ተቀምጣ ጉንጯን ይዛለች። ሌሊቱን አልተኛችም፤ ዓይኗ ይናገራል። ዘርፌ ጎንበስ ብላ ሴትዮዋን ከራስ ቆቧ እስከ ጭኗ አየቻት።

«የቱ ነው እንኳው?» አለችኝ። ልማድ ሆኖባት ነው፤ እሷ ዛሬ ከእኔ ፈጥና ታነባለች።

«እዚህ እንኳ የለበትም» አልኳት። «ይኸኛው ክፋቱ ያለው ከመጨረሻው ቃል ራስ ላይ ነው።»

ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አስኬደች። «እንደ ሴት አትጫወት» አለች ቀስ ብላ። ቀና አለችና «ልጄ፣ ያ ሽቦ የምትጠቀልዪበት ጥቁር ፕላስተር አለሽ?» አለቻት። ማኅሌት አቀበለቻት። ባነሩ ጥቁር ነው፣ ፕላስተሩም ጥቁር ነው። ዘርፌ ቆርጣ አ ላይ ለጠፈችውና አ ጠፋች።

ማኅሌት አነበበችው። «‹እንደ ሴት ትጫወት› ሆነ። ማን ናት የምትጫወተው?»

«ጆሮዋን ሸፍኛት» አልኩ እኔ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«የፊተኛዋን ‹ት› ጆሮ። ት ጆሮዋን ስታጣ ምን ትሆናለች?»

ማኅሌት ገና ልጅ ሆና እኔው ነኝ ፊደል ያስቆጠርኳት፤ ያንኑ መስቀልና ጆሮ። ፈገግ አለች፤ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያዋ ፈገግታ። ከፕላስተሩ ጥፍር የምታህል ቆርጣ የፊተኛዋን ‹ት› ጆሮ ሸፈነችው። ቆመን ከሩቅ አየነው። በትልልቅ ቀይ ፊደል «እንደ ሴት ተጫወት!» ይላል። ቃለ አጋኖውን አልነካነውም፤ የእነሱ ነው።

ዘርፌ ከዚያ ባናውን አወጣች። በወፍራም መርፌ ከሴትዮዋ የብረት ትከሻ ጀምራ እስከ ጉልበቷ ሰፋችው። «የብረት ጥሩር ለብሳ ሆዷን ለጦር የምትሰጥ ምን ዓይነት ጦረኛ ናት» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «እናቴ ብታያት ኖሮ አባቷን ትከስ ነበር።»

ማኅሌት ፕላስተሩን አስቀመጠች። «እማዬ፣ መጥቶ ዕቃውን ቢወስደውስ?»

«ይውሰደዋ። በሩን ይዞት አይሄድም።»

«ያለ ዕቃ በር ምን ያደርግልኛል?»

ዘርፌ መርፌዋን ሻሿ ላይ ሰካች፤ ባነሩን እኔ ሰቀልኩት።

የገበያ ዕለት ወኪሉ መጣ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ በበሩ ገባ። ጠባብ ሱሪ፣ ስስ ጃኬት፤ ሞላሌን በስልክ ብቻ የሚያውቃት ልጅ ነው። ደጃፉ ላይ ሰው ተሰብስቧል። መንደርተኛው ባና የለበሰች ማስታወቂያ አይቶ አያውቅምና ገበያ የወጣው ሁሉ እየቆመ ያነባል፣ ማንበብ የማይችለው ያስነብባል። ዩኒፎርም የለበሱ ሴት ተማሪዎች መጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሲንሾካሾኩ ነበር፤ ኋላ አንዷ ደፍራ ተሻገረች፣ ከዚያ ሁሉም። ወኪሉ ባነሩን አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«አባቴ» አለኝ፣ «ይኼ እኮ ተበላሽቷል።»

«የቱ ጋ?»

«‹አትጫወት› ነበር የሚለው።»

«እኛ አገር ሰው መጫወቻ ቤት ከፍቶ አትጫወት አይልም» አልኩት። «አትጫወት የሚለው በር ለሚዘጋ ነው።»

ማኅሌት ከውስጥ ወጣች። «ባነሩ ይሰቀል አልከኝ፤ ሰቀልኩት። ግባና እይ። እነዚህ ሁሉ በዋናው ጽሕፈት ቢሆን የሚገቡ ይመስልሃል? ያባረርከው ሁሉ ከሁለታችን ገቢ ላይ ነው የሚቀነሰው።»

ወኪሉ ወደ ውስጥ አየ። መቀመጫው ሞልቷል፤ የቆሙት ከተቀመጡት ይበዛሉ። አንዲት ተማሪ የፑል ቤቱን ጎረምሳ በእግር ኳስ እያሸነፈችው ነው፤ እሱ «ዕቃው ተበላሽቶ ነው» ይላል፣ ጓደኞቹም ይስቁበታል። ወኪሉ ወደ ባናው ዞረ።

«ይኼስ? ይህን ደግሞ ለምን?»

«በርዷት ነው ልጄ» አለችው ዘርፌ። «አንተም ጃኬትህ ስስ ነው፤ ጓሳ ላይ የሚያልፈውን ነፋስ አታውቀውም። አንድ ባና ልስጥህ ወይ?»

ሳይወድ ሳቀ። ፎቶ አነሣ፣ «አለቆቼ ይዩት» አለ፣ ሄደ። ዕቃውን አልጫነም፤ እተወዋለሁም አላለም። ማኅሌት ከዚያ በኋላ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ነበር፤ እኔም ከበርጩማዬ ሆኜ መተቸቱን ትቼ መንገድ መንገድ አይ ነበር። ቆይቶ አንድ የገበያ ዕለት የወኪሉ ፒክአፕ ከጥጉ ብቅ አለ። ማኅሌት በሩ ላይ ቆመች፤ ልጁ ወረደና ሦስተኛ ማጫወቻ አወረደላት። ባነር አላመጣም። «ጽሕፈቱን እናንተው ታውቁበታላችሁ» አለ። አንዳንድ ሰው ነገሩ ገብቶት ነው ይለኛል። ነገሩ ገብቶት አይደለም፤ ገቢው ገብቶለት ነው። ለእኔ ይበቃኛል። ሰውን ልቡን ለውጬ አላውቅም፤ ፊደል ግን ሲለወጥ ሁለቴ አይቻለሁ።

ትናንት አመሻሹ ላይ ተማሪዎቹ ወጥተው ሱቁ ጭር ብሎ ነበር። ማኅሌት በጥገናው በኩል ሆና የአንድ ቄስ ስልክ ፈታ ትሠራለች፤ ቄሱ ፊቷ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ «ጠጋኙን ጥሪልን» አላሉም። እኔ ውጭ ቆሜ ባነሩን አነባለሁ። ሥራ ፈትቼ አይደለም፤ ባናው ዝናብ እንዳይበላው ማየት አለብኝ። ፀሐይዋ ቀይ ፊደሉ ላይ አርፋለች። ከውስጥ የሰው ጩኸት የመሰለ የኳስ ሜዳ ድምፅ ይሰማል። አጎንብሼ በበሩ አየሁ። ዘርፌ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች፤ ጆይስቲኩን እንደ እንዝርት በጣቶቿ ታሽከረክረዋለች። የእሷ ተጫዋች ወደ ራሱ በር ይሮጣል፤ ግድ የላትም፤ መሮጡ ነው የጣማት።

በሩ ላይ ቆሜ አየችኝ። ከጎኗ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችልኝና ሌላኛውን ጆይስቲክ ዘረጋችልኝ።

«እንካ» አለች። «ወንድ እንኳ ይችለዋል።»